ስድስተኛዋ ቀዳዳ

ሰሞኑን የስፌት መኪናዬ ክር እየበጠሰች አስቸገረችኝና አንድ ጠጋኝ ቤቴ ድረስ መጣ። ሆዷን ከፍቶ ከትንሽ ቆርቆሮ ዘይት ጠብ ሲያደርግባት ሽታው አፍንጫዬን መታኝ፤ የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀምጬ ቁጭ አልኩ። «ምነው እማማ፣ አመመዎት እንዴ?» አለኝ። «አይ የኔ ልጅ፣ ሽጉጤ ትዝ ብሎኝ ነው» አልኩት። የልጁን ፊት ባያችሁት! እጁን ከመኪናዋ አንስቶ በሩን አየ። ነጠላ የተከናነበች ሽማግሌ ሴት አዳማ መሐል ቁጭ ብላ «ሽጉጤ» ስትል ማን አይደነግጥ? እኛ ሽጉጦቻችንን የምንወለውለው በስፌት መኪና ዘይት እንደነበር ላስረዳው ስጀምር ሥራውን እንደምንም ጨርሶ ላጥ አለ። እንግዲህ እሱ ያልሰማውን እናንተ ስሙኝ።

ያኔ ከተማችንን ናዝሬት ነበር የምንላት። አሁን ባለባጃጁ «ሃያ ብር፣ እማማ» የሚለኝን መንገድ በጋሪ በአሥር ሳንቲም እንሄደው ነበር፤ ሦስት ሆነን ከተጫንን ባለጋሪው «ኧረ ፈረሴን ገደላችሁት!» እያለ ይነጫነጫል፣ እኛ ደግሞ ከሳቅ ብዛት ልንወድቅ እንደርሳለን። ሻይ ከነፓስቲው በስሙኒ ነበር። ደመወዝ የወጣ ዕለት ቴትሮን ጨርቅ አስቆርጠን ጉርድ ቀሚስ እናሰፋለን፤ ከጉልበት በላይ ሊያደርገው ሲል ልብስ ሰፊው «ትንሽ ይርዘም፣ እናቶቻችሁ እኔን ነው የሚረግሙት» ይለናል። ፀጉር አፍሮ ነው፤ አፍሮ ያልሆነች ገና መምጣቷ ነው ይባላል። የእግራችን ኮንጎ ጫማ በዚያ ሐሩር ይቀልጥና ይጣበቅብናል። በየቡና ቤቱ ደጃፍ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል፤ ከባቡር ጣቢያው ተነስታችሁ ወደ ገበያው ስትሄዱ የአንዱ ቤት ዘፈን ሳያልቅ የሌላው ይቀበላችኋል። የፖለቲካውን ነገር አትጠይቁኝ። በየግድግዳው መፈክር ነበር፣ መፈክሩም ቶሎ ቶሎ ይቀየር ነበር፤ እኔ የማስታውሰው ያልደረቀው ቀለም ቀሚሴን ሲያበላሽብኝ ነው።

የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበርኩ፣ ካውያ ክፍል። ካውያ ስላችሁ የዛሬዋን ቀላሏን እንዳታስቡ፤ የኛ ድፍን ብረት ነው፣ በመጀመሪያው ወር ማታ ማታ ቁራሽ ወደ አፌ ሳነሳ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ግን ክንዴ ራሱ ብረት ሆነ። ፋብሪካው የስፖርት ክበብ ነበረው፤ ኳሱም ሩጫውም የሽጉጥ ዒላማ ተኩሱም የወንዶቹ ነበር። አንድ ቀን «ሴቶችም ይካተቱ» የሚል ደብዳቤ ከላይ መጣና ሥራ አስኪያጁ ክፍላችን ገብቶ «ሽጉጥ መተኮስ የምትፈልግ አለች?» አለ። ከዚያ ዘይነባ፣ ያቺ ቀልደኛዋ ዘይነባ፣ «ጌታዬ፣ እኛ ከጠዋት እስከ ማታ ስንተኩስ አይደል እንዴ የምንውለው?» አለችና ቤቱን በሳቅ ሞላችው። ሳቁ ሳያልቅ ተመዘገበች። እኔም ተከተልኳት፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ከካውያ መገላገሉን ብዬ ነው።

ሦስተኛዋ ጫልቱ ናት። የደራ ልጅ ነች፤ ረዘም ያለች፣ ንግግሯ ቁጥብ፣ ስታይ ዓይን ዓይን የምታይ። አማርኛዋ ውስጥ ኦሮምኛው ጣል ጣል ይላል፤ ስትቆጣ ደግሞ ጠቅላላ ኦሮምኛ ይሆናል። እኔና እሷ አንድ የካውያ ጠረጴዛ ላይ ትይዩ ነበር የምንቆመው። አንዴ የሸሚዝ ኮሌታ አቃጠለች። ማንም አላያትም፤ እኔም ከሥር እንድትቀብረው ጠቀስኳት። ሸሚዙን ብድግ አድርጋ ፎርማኑ ጋ ሄደችና «እኔ ነኝ ያቃጠልኩት» አለችው። የግማሽ ቀን ተቆረጠባት። «አበድሽ?» ስላት «እንቅልፍ እንዳላጣ ነው» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጫልቱን እንደ ታላቅ እህቴ ነው የማያት፣ በዕድሜ እኔ ብበልጣትም።

አሰልጣኛችን ባሻ ወርዶፋ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ ወታደር፣ ፂማቸው ነጭ፣ ጫማቸው ግን ሁሌ መስታወት። የመጀመሪያው ቀን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ድንጋይ የወጣበት ኮረብታ ግርጌ ወሰዱንና ሽጉጡን ሳይሰጡን አንድ ሰዓት ሙሉ አቆሙን። «መጀመሪያ መቆም ተማሩ» አሉ። ሰው ዒላማ ተኩስ ሲሉት ዷ ዷ መስሎት ጆሮውን ይይዛል። ኧረ ወዲያ! የኛ ስፖርት የዝምታ ስፖርት ነው። በጎንሽ ትቆሚያለሽ፣ ግራ እጅሽን ቀበቶሽ ውስጥ ትሸጉጫለሽ፣ ቀኙን ክንድ ቀጥ አድርገሽ ትዘረጊያለሽ። ሃያ አምስት ሜትር ላይ ወረቀት ተለጥፏል፣ መሐሉ ጥቁር ክብ፣ ክቡ ውስጥ ሌላ ክብ፣ እንዲህ እያለ እስከ አሥር ድረስ፤ አሥሯ ከዚያ ርቀት አትታይም፣ አለች ብለሽ ታምኛለሽ እንጂ። አምስት ጥይት በአምስት ደቂቃ ነው። ለአንድ ጥይት አንድ ደቂቃ ማለት ነው፤ ያንን ደቂቃ ቆማችሁበት ካላያችሁ ርዝመቱን አታውቁትም። ትልቁ ምሥጢር ደግሞ ይኸው፦ ዒላማውን ማየት የለብሽም። ዓይንሽ የሚያርፈው አፈሙዙ ጫፍ ላይ ባለችው ጉብታ ነው፤ ዒላማው ደብዘዝ ይበል፣ ግድ የለም። ትተነፍሻለሽ፣ ግማሹን ታስወጫለሽ፣ ትይዣለሽ። ቃታውን ግን እንደ በር እጀታ አትስቢውም። «ሱታ፣ ኢንታላ ኮ፣ ሱታ» ይሉናል ባሻ፤ ቀስ በይ ልጄ፣ ቀስ ማለታቸው ነው። ቃታው መቼ እንደሚለቅ ራስሽ ካወቅሽ ጥይቷ ተበላሽታለች። መለቀቁ ሊያስደነግጥሽ ይገባል።

ጥይት ውድ ነበር፤ ለአንዲት ሴት በወር አሥር ብቻ። የቀረውን ባዶውን ነው የምንለማመደው። ባሻ አፈሙዙ ላይ ስሙኒ ያስቀምጡና ቃታውን ሳቢ ይላሉ፤ ስሙኒዋ ከወደቀች እንደገና። እኔ ስሙኒዋን ሳልጥል ሃያ ጊዜ ለመሳብ አራት ወር ፈጀብኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን ወድቃም አታውቅም። ሽጉጡ ከፋብሪካው መጋዘን ስለማይወጣ ቤቴ ውስጥ የቀዘቀዘ ካውያ በአንድ እጄ ዘርግቼ ግድግዳ ላይ ያጣበቅኩትን የሸሚዝ ቁልፍ ሳነጣጥር እመሽ ነበር። አከራዬ እትዬ አስካለ በመስኮት አይተውኝ ቄስ ሊጠሩብኝ ነበር። አትሳቁ፤ ያቺ ካውያ ናት የናዝሬት ወንዶች ቅዳሜ ቅዳሜ ዒላማዬን አይተው አንገታቸውን እየነቀነቁ እንዲሄዱ ያደረገቻቸው።

ሌላው የባሻ ሕግ «ቀዳዳሽን ሳታዪ ተናገሪ» የሚል ነበር። ተኩሰሽ ወደ ወረቀቱ ሳትመለከቺ ጥይቷ የት እንዳረፈች ትናገሪያለሽ። እጅሽ የሠራውን ልብሽ ካላወቀ ተኳሽ አይደለሽም። መጀመሪያ እሳቸው በተማሩበት በፈረንጅ ሰዓት ነበር የምንናገረው፤ ሦስት ሰዓት ማለት በስተቀኝ ነው። እኛ ደግሞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን የሰዓቱ ቆጣሪ በስተግራ ነው የምናውቀው! ዘይነባ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ወደ ተቃራኒው እያረመች እያረመች ከወረቀቱ ወጣች። ባሻ መለዮአቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩና ሰዓቱን ተዉት። በስተግራችን መልካሳ ነው፣ በስተቀኛችን ሞጆ፤ በቃ፣ ከዚያ ወዲያ «ሞጆ ስምንት»፣ «ዝቅ ያለች መልካሳ ሰባት» እያልን ነበር የምንናገረው። በስድስት ወር ውስጥ ሳላይ ከተናገርኳቸው አሥር ጥይቶች ዘጠኙን አልስትም ነበር።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ሥራ አስኪያጁ አስጠራን። «ለእናንተ የሚወጣው ጥይት በዛ እየተባለ ነው» አለ። «የዘንድሮውን ዋንጫ ካመጣችሁ ቡድኑ ይቀጥላል፤ ካላመጣችሁ ሽጉጦቹ ለወንዶቹ ይመለሳሉ።» ዘይነባ ወጥተን መንገድ ላይ ስትራገም ጫልቱ ቀድማን ትሄዳለች። ጋሪ ላይ ስንወጣ ነው የተናገረችው። አባቷ ደራ ሊድሯት ቆርጠዋል፤ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልከውባት ባሻ «ልጅቷ ለፋብሪካው ትተኩሳለች፣ ልቀቋት» ብለው መልሰውላታል። «ቡድኑ ከፈረሰ ምን ብዬ ነው የምቀረው?» አለችኝ። ጫልቱ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም፤ ያን ቀንም አላለቀሰችም፣ ግን የጋሪውን እንጨት ጨብጣ እስከ ቤቷ አልለቀቀችም።

ውድድሩ እዚያው እኛ ሜዳ ሆነ። ዋንጫው የሦስት ሴት ነጥብ ተደምሮ ነው፤ ከየከተማው መጥተዋል፣ የሚያሰጉን ግን የቢሾፍቱ ሴቶች ናቸው። በመጀመሪያው ዙር ጫልቱ ተኮሰች። ወገኖቼ፣ እንዲያ ሲተኮስ አላየሁም! ባሻ ወረቀቷን እያዩ «እሰይ ልጄ፣ እሰይ ልጄ» ብቻ ነው ያሉት። ዘይነባም ከወትሮዋ በላይ ሆነች። የመጨረሻው ዙር ላይ እኔ ገባሁ፤ በስተቀኜ የቢሾፍቱዋ ልጅ ቆማለች፣ ከኋላችን ጫልቱ የባሻን ባይኖክላ፣ ያን ሩቁን የሚያቀርበውን መነጽር፣ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትመለከትበታለች።

የመጨረሻዎቹ አምስት ጥይቶች ላይ ደረስን። ነፋስ ተነሳ፣ የናዝሬት አቧራ ታውቁት የለ። አንዷ ዘጠኝ፣ ሁለተኛዋ ዘጠኝ፣ ሦስተኛዋ ስምንት፣ አራተኛዋ ዘጠኝ፤ ሁሉንም በልቤ ተናግሬአቸዋለሁ። አምስተኛዋ ላይ ስለ ጫልቱ ሽማግሌዎች አሰብኩ። አዎ፣ ክንዴን ዘርግቼ ሽማግሌ አሰብኩ! ጣቴም ቃታውን ነጠቀው። ጥይቷ ሳትደርስ አውቄአታለሁ፦ ዝቅ ያለች መልካሳ፣ ሰባት። ሽጉጤን አስቀምጬ «አበቃልን» አልኩ ለራሴ።

ዳኞቹ ወረቀቴን አምጥተው ሲቆጥሩ ቆም አሉ። መነጽር ያደረጉት ዋናው ዳኛ «ስንት ተኮስሽ?» አሉኝ።

«አምስት።»

«እዚህ ስድስት ቀዳዳ ነው ያለው። የጎረቤትሽ ወረቀት ላይ ደግሞ አራት።»

የቢሾፍቱዋ ልጅ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ነፋሱ ሲያዋክባት በራሷ ፈንታ የኔን ዒላማ መታለች፤ የመታችውም አሥር ነው፣ ልክ መሐሏን። የቷ ጥይት እንደሆነች እሷም አላወቀችም። «የሰው ዒላማ ላይ ያረፈ ጥይት ለተኮሰው ዜሮ ነው» አሉ ዳኛው። «ደንቡ ላንቺ ነው የሚያደላው። ከስድስቱ ያንቺ ያልሆነችው የትኛዋ እንደሆነች ካላወቅሽ ዝቅተኛዋ ትጣላለች። ታውቂያታለሽ?»

ዘይነባ ሒሳብ ላይ ማንም አይቀድማትም፤ ከኋላ ለባሻ ስትነግራቸው ሰማኋት። ሰባቷ ከተጣለች በሁለት ነጥብ እናሸንፋለን። አሥሯ ከተጣለች በአንድ ነጥብ እንሸነፋለን። እኔ የሚጠበቅብኝ አንዲት ቃል ናት፦ አላውቅም። ማን ይጠይቀኛል? ማን ያጣራል? ዋንጫው፣ ጥይቱ፣ የጫልቱ ናዝሬት መቅረት፣ ሁሉም አፌ ላይ ነበር። ዞር ብዬ ጫልቱን አየኋት። ከዚያ ወደ ዳኛው ተመልሼ፣ «አሥሯ የኔ አይደለችም። የኔዋ መልካሳ ያለችው ናት» አልኩ።

«መልካሳ?» አሉ ዳኛው፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው።

«ይቺ፣ ሰባቷ» አልኩና ጣቴን ቀዳዳው ላይ አደረግኩ።

ዋንጫው ቢሾፍቱ ሄደ። ባሻ ወርዶፋ መጥተው ቀኝ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙት። እጄን! አንድ ነጭ ፂም ያላቸው ሽማግሌ የካውያ ክፍል ልጅ እጅ ሲስሙ አስቡት። ያንን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ቀና ብዬ ነው የምቀመጠው። ጫልቱ ግን ባይኖክላውን ከአንገቷ አውልቃ ለዘይነባ ሰጠችና ፊቴ ቆመች። «የራስሽን ብትሰጪ ጀግና ነበርሽ» አለችኝ። «የኔን ነው የሰጠሽባቸው።» እውነቷን ነዋ።

ሥራ አስኪያጁ እንደ ቃሉ አደረገ፤ በሳምንቱ ሽጉጦቹ ለወንዶቹ ተመለሱ። ጫልቱ ከዚያ በኋላ ስምንት ወር አብራኝ አንድ ጠረጴዛ ላይ ቆመች፣ «ውሃ አቀብዪኝ» ከማለት በቀር ቃል አልተነፈሰችልኝም። ሰላም ስላት አንገቷን ደፍታ ሸሚዙን ትተኩሳለች። በስምንተኛው ወር አባቷ ራሳቸው መጥተው ወሰዷት። የመኪናዋን ጭራ እያየሁ መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ ስንቅ ይዤላት ነበር፣ ሳልሰጣት ቀረሁ።

ከዚያ ወዲህ ስንት ዘመን አለፈ። ፋብሪካውም የለም፣ ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል፣ ሥሩ ስልክ ይሸጣሉ። ባሻም ዘይነባም አርፈዋል፣ ነፍሳቸውን ይማር። እኔ ግን ያቺን ቀን ለልጆቼም ለልጅ ልጆቼም ሳልሰለች ነግሬአለሁ፤ በዕድሩም በማኅበሩም አውርቼአታለሁ። «ለምን ተናገርሽ?» ሲሉኝ ደረቴን ነፍቼ «እውነት ስለሆነ!» እላለሁ። እውነት ነው፣ ኮርቼባታለሁ። አሁን የልጅ ልጄ በስልኳ የዓለም ተኳሾችን ታሳየኛለች፤ ሽጉጡ በአየር የሚሠራ ሆኗል፣ ወረቀቱም ቀርቶ ኤሌክትሪክ ነው የሚቆጥረው። አቋቋማቸውን አይቼ «ያቺ ቃታውን ነጠቀች» እላለሁ፣ ነጥቡ ሲወጣም እንዳልኩት ነው። ልጅቷ አፏን ትከፍታለች።

ባለፈው ጥር የባለቤቴ ወገኖች ሠርግ ነበራቸውና ደራ ሄድኩ። ዳሱ ውስጥ ከአሮጊቶቹ መሐል አንዲት ረዥም ሴት ተነስታ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «አካም ጂርታ፣ ሙሉ?» ብላ ደህንነቴን ጠየቀች። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል እንጂ ጫልቱ ናት። ተቃቅፈን ብዙ ቆየን፤ የሠርጉ ሰው ዘመድ መሰልነው። ስድስት ወልዳለች፣ አያት ሆናለች፣ ባሏም ደግ ሰው ነበር አሉ። ከዳሱ ወጥተን ከቤቱ ጀርባ ጥላ ላይ ተቀመጥን።

«ይቅር በዪኝ ጫልቱ፣ ያን ቀን ያንቺን ነው የሰጠሁባቸው» አልኳት።

«ዝም በዪ» አለችኝ፣ እንደ ድሮዋ። የነጠላዋን ጫፍ ይዛ እየፈተለች፣ «እኔ በባይኖክላው እያየሁ ነበር» አለች። «ሰባቷ የገባችው መጀመሪያ ነው፣ ጥይትሽ ሲበሳት አይቻለሁ። አሥሯ የመጣችው አንቺ ሽጉጥሽን ካስቀመጥሽ በኋላ ነው። ያንቺ እንዳልሆነች አውቃለሁ።»

«ታዲያ…»

«ታዲያማ ‘አላውቅም’ እንድትዪ በሆዴ አምላክን እየለመንኩ ነበር! አንቺ ስትናገሪ በራሴ አፈርኩ። ስለ ዋንጫው አይደለም ያን ሁሉ ወር የተቆጣሁት። አንቺን ባየሁ ቁጥር ራሴን ነበር የማየው፤ ዓይንሽን ማየት አቃተኝ፣ በቃ።»

ያን ሁሉ ዘመን በየዕድሩ ደረቴን ነፍቼ ያወራሁት ግማሹን ብቻ ነው። ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ለእሷ ካልተናገርኩ ለማን ልናገረው?

«ጫልቱ፣ እኔም ልዋሽ ነበር» አልኳት። «‘አላውቅም’ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ዞር ስል ባይኖክላው ዓይንሽ ላይ ነው። ጫልቱ አይታኛለች፣ ጫልቱ ፊት አልዋሽም አልኩ። ኮሌታ አቃጥላ ፎርማን ጋ የሄደችው ጫልቱ ፊት! አንቺን አፍሬ ነው እንጂ እኔ ምን እውነት አለኝ?»

ጫልቱ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እያለቀሰች መሰለኝ፤ ትከሻዋን ስይዛት እየሳቀች ነው። «ያ አላህ! እኔ ዋሺ እያልኩ ስለምን፣ ለካ እኔው ነኝ ያናገርኩሽ!» አለች፣ ከዚያም የእውነቷን አለቀሰች፤ እኔም አብሬአት።

ከደራ ከተመለስኩ ወዲህ የልጅ ልጄ ያቺን ታሪክ ድገሚልኝ ስትለኝ እደግምላታለሁ፤ ዛሬም ደረቴን ነፍቼ ነው፣ ኩራቱን አልተውኩትም። መጨረሻው ላይ ስደርስ ብቻ፣ «ያን ጊዜ ተናገርን» እላታለሁ። «ማንና ማን?» ስትለኝ፣ «እኔና ጫልቱ» እላለሁ።